ሽበት የሌለበት ቤት

ሞጣ ውስጥ የባንቺዓለም ነገር ሲነሣ ሰው ይስቃል። ጠላ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ አልፎ ተርፎም ለቅሶ ቤት ጥግ ይዘው «ፈረንጇ ሽበት አምጪ ብትላት አሮጊት ይዛ መጣች!» ይባባላሉ። እኔ አጥር ለአጥር ጎረቤቷ ስለነበርኩ ያን ሣቅ ስሰማ ደሜ ይፈላል። የሚስቁት ግማሹን ብቻ ስለሚያውቁ ነው።

ባንቺዓለም የደብረ ወርቁ የቅኔ መምህር የየኔታ ወልደ ኪዳን ልጅ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ተማሪ ቅኔ ሲዘርፍና ሲታረም እየሰማች ስላደገች፣ ጆሮዋ ከቃል ሥር ሌላ ቃል ሲፈልግ ይኖራል። «እንዴት አደርሽ» ቢሏት እንኳ ምን ለማለት ይሆን ብላ ታስባለች እያልን እናሾፍባት ነበር። ሞጣ ያመጣት ትዳር ነው። ባሏ ጓዴ የጨው ነጋዴ በመሆኑ ከቤቱ ያደረበት ቀን ጥቂት ነው። ልጅ ደግሞ አልቆመላትም። ትወልዳለች፤ ዳዴ ሳይል ይሞትባታል።

አብረዋት የሚኖሩት አማቷ እማማ አመተ ሥላሴ ነበሩ። አንድ ቀን ከልጇ ቀብር ስንመለስ፣ ባንቺዓለም ሐዘኑ አእምሮዋን አስቷት፣ በሰው ፊት «እርስዎ ነዎት በዓይንዎ የበሉብኝ!» አለቻቸው። በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም፤ ቡዳ ከተባለ ሰው ጎረቤት ሁሉ ልጁን ይደብቃል። አሮጊቷም በነጋታው ብቸና ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ፋንታ ተወለደ። በሞቱት ፈንታ ማለት ነው ስሙ። ደረቱ ግን ሲር ሲር ይል ነበር፤ ሳልም አይለቀው። ባንቺዓለም በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት የጽዳት ሥራ አግኝታ፣ እሱን አዝላ ትጠርጋለች። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ፈረንጅ አስተማሪዎች በየአውራጃው የሚላኩበት። ከእነሱ አንዷ በሳይንስ ክፍል ውስጥ የመስተዋት ገንዳ አስቀምጣ፣ ከጣና ያስመጣቻቸውን ትንንሽ ዓሦች ታረባ ነበር። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው የጤፍ ፍሬ አክለው ይታያሉ፤ መደበቂያ ስለሌላቸው ግን ትልልቆቹ፣ እናቲቱም ሳትቀር ይውጧቸዋል። ባንቺዓለም መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ይህን ስታይ ትቆያለች።

«መምህርት፣ ትንንሾቹ ለምንድን ነው የማይቆሙት?» ብላ አንድ ቀን ጠየቀቻት።

ፈረንጇን የቸገራት፣ ምንጭ ዳር ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ያ እርጥብና ለምለም ነገር ነበር፤ እኛ የድንጋይ ሽበት የምንለው። ገንዳ ውስጥ ሲያድግ ውኃውን ያጠራል፤ ጫጩቶቹም ይሸሸጉበታል። አማርኛዋ ግን ከመጽሐፍ የተለቀመ ስለሆነ «የድንጋይ» የምትለውን ዘነጋቻት።

«ሽበት የለም» አለቻት፣ ዓይን ዓይኗን እያየች። «ሽበት የሌለበት ቤት ትንሽ ልጅ ይሞታል። አንተ ሽበት አምጣ!»

ባንቺዓለም፣ የቅኔ ቤት ልጅ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ እንዴት በሰሙ ትለፈው? ወርቁ ወለል ብሎ ታያት። በቤቷ ሽበት የለም፤ የነበረውንም ራሷ አባርራዋለች። ታሪኳን የማታውቅ ባዕድ ይህን ከተናገረች፣ ያናገራት እግዜር ነው ብላ አመነች።

አማቷን ከብቸና ልትመልስ መሆኗን መጥታ ስትነግረኝ ሰኔ ገብቶ ስለነበር «ምናለ ዝናቡ ቢያልፍ» አልኳት። «እሱ እስኪያልፍ ልጄ ያልፋል» አለችኝ። ፋንታን አዝላ በጉንደ ወይን በኩል በእግሯ ተጓዘች። ደብረ ወርቅ ስትደርስ አባቷ ቤት እንኳ ጎራ አላለችም። ብቸና መግቢያ ላይ ከወንዝ ድንጋይ አንሥታ ተሸከመች፤ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንደዚያ ነው የሚገባው። ድንጋዩ የድንጋይ ሽበት ለብሶ አንገቷ ላይ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ፈረንጇ የለመነቻት ነገር ትከሻዋ ላይ ነው፤ እሷ ግን ከኃጢአቷ ሌላ የተሸከመችው አልታወቃትም።

«ይማሩኝ፣ እሜቴ» ብላ ደጃፋቸው ላይ ተደፋች። ፈረንጇ ያለችውንም እያለቀሰች ነገረቻቸው።

አመተ ሥላሴም «ድንጋዩን አውርጂው፤ እግዜር ይማርሽ» አሉና ልጁን ከጀርባዋ ፈትተው ታቀፉት።

ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸው። መንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶባቸው ዳር ላይ ሲጠብቁ ዋሉ። አሮጊቷ ጋቢያቸውን አውልቀው ልጁን ቢጠቀልሉትም፣ ጋቢው ራሱ ውኃ ነበር። ሞጣ ሲደርሱ የፋንታ ትንፋሽ ይቆራረጥ ጀምሯል። በአያቱ እቅፍ ውስጥ ሞተና ቀበርነው። የዚያን ዕለት የባንቺዓለም እንባ እንኳ ደርቆ ነበር።

ለቅሶው ሲያበቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፈረንጇ የሆነውን አልሰማችም።

«ሽበትስ? አመጣህ?» አለቻት።

«መጥተዋል። እቤት ናቸው» አለች ባንቺዓለም።

ነገሩን የፈታው እዚያ የነበረው ዘበኛ አካለ ወልድ ነው። እየሳቀ ወጥቶ ከምንጩ አንድ እፍኝ የድንጋይ ሽበት አመጣ። ፈረንጇ ደስ ብሏት በክር ጠጠር ላይ አሰረችና ገንዳው ውስጥ አኖረችው። እውነትም ከዚያ በኋላ ጫጩቶቹ እየተሸሸጉበት አደጉ። ባንቺዓለም ግን ወርቅ ያለችው ሁሉ ሰም ብቻ እንደነበር የዚያኑ ዕለት ቆማ አየች። አካለ ወልድም ወሬውን ጠላ ቤት አደረሰው።

እኔ በዚያ ሰዓት ከአሮጊቷ ጋር ነበርኩ። ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ሥር ቆመዋል። «ሳትናገረኝ ልሂድላት» አሉኝ። «ያን ስድብ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁለተኛ ብሰማው አልችለውም።»  ያ መንገድ ባይኖር ልጁ ይተርፍ ይሆን የሚል ሐሳብ እኔንም ይበላኝ ነበር።

ባንቺዓለም ፊቷ አመድ መስሎ ገባች። አሮጊቷ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልደፈሩም።

«ያቺ ፈረንጅ ምን አለችሽ?» አሉ።

ባንቺዓለም ምርኩዙን ከእጃቸው ቀስ አድርጋ ወሰደች።

«እንኳንም አመጣሻቸው አለችኝ፣ እሜቴ።»