በር ጋ የምትቀረው ካርቶን

ዛሬ ጠዋት አዲስ ዕቃ ገብቶልኝ የመጋዘኔን በር ስከፍት የካርቶኑ ሽታ ተቀበለኝ፤ ጣቶቼም ሳላዛቸው የኮምፒውተር ቁልፍ የሚፈልጉ ይመስል መንቀሳቀስ ጀመሩ።

አባዬ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ያከፋፍል ነበር። ሱቁ ውስጥ ለሂሳብ ተብሎ የተገዛ፣ እናቴ ዳንቴል ያለበሰችው ኮምፒውተር ነበረን፤ ሂሳቡን አባዬ በጭንቅላቱ ስለሚጨርሰው ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ መጫወቻ ሆኖ ቀረ። ጨዋታው ሣጥን መግፋት ነው። በአራቱ የቀስት ቁልፎች አንድ ትንሽ ሰውዬ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ሣጥኖቹን ሁሉ እየገፋ ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ካደረሰ አሸነፈ። መጎተት ግን አይችልም፤ ጥግ የገባ ሣጥን እዚያው ይቀርና እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ወንድሜ ቁልፎቹን እንደ ከበሮ ይደበድባቸዋል፤ እኔ ግን እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አስቀድሜ በዓይኔ እጫወት ስለነበር የሚስተካከለኝ አልነበረም።

የምመኘው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ የመጋዘኑን ቁልፍ። አባዬ ቁልፉን ከወንድሜ በቀር ለማንም አይሰጥም፤ «ሴት ልጅ መጋዘን ውስጥ ምን ልትሠራ?» ይላል ጎረቤቱም። አንድ ቀን ወንድሜ ስንት ጊዜ ሞክሮ ያቃተውን የመጨረሻውን ደረጃ ስጀምር አባዬ እየሳቀ፣ «በይ ጨርሺውና ቁልፉ ያንቺ ነው!» አለኝ።

እኔም ሳምንቱን ሙሉ ተሸካሚዎቻችንን ሳይ ሰነበትኩ። ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከሩቁ ጥግ ነው፤ መውጫቸውን አይዘጉም። እንደነሱ የሩቁን አስቀድሜ ገፋሁ። የመጨረሻው ሣጥን ቦታው ሲገባ ወንድሜ እግዚኦ አለ፤ አባዬ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረምና ቁልፉን ከቀበቶው ፈቶ መዳፌ ላይ አኖረው። ደስታዬ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ አባዬም መጫወት ጀመረ፣ በአንድ ጣቱ። ሁሉንም በየቦታው ያደርግና አንዷን ሣጥን በር ጋ ትቶ ይነሳል። «ይቺ ትቆይ፤ ነገ ፈላጊዋ ይመጣል» ይላል። አንድም ደረጃ ሳያሸንፍ ኖረ፤ እኛም ሆዳችንን ይዘን እንስቅበት ነበር።

ሱቃችን የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። እኔ ግን መጋዘን በማደራጀት የሚያህለኝ ከአንዋር መስጊድ ወዲህ የለም፤ ይህን ስል አላፍርም። ዛሬም ከሩቁ ጥግ ጀምሬ ሁሉን አስደረደርኩ። ሠራተኛዬ በር ጋ የቀረችውን አንዲት ካርቶን ሊገፋት ጎንበስ ሲል፣

«ይቺ ትቆይ» አልኩት።

ቁልፉም ቃሉም እኔ ጋ ናቸው፤ አባዬ ብቻ የለም።