ከነጠላው ሥር ያለ እጅ

ፉሪ ባለው ግቢያችን ጸጥታ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። አምስት ዶሮ፣ አንድ አውራ፣ ሁለት ዳክዬና አንዲት ኩሩ ተርኪ ባሉበት ጸጥታ ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው የዚያን ቀን ረፋድ በሩን ከፍቼ ስወጣ የደነገጥኩት። አንዳቸውም ድምፅ አያሰሙም። ሁሉም ቀይዋ ዶሮ እንቁላል የታቀፈችበትን ጥግ ከበው ቆመዋል። ጥሬ በተንኩላቸው፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

ቀይዋ አስራ አንድ እንቁላል ከታቀፈች ሃያ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጫጩቶቹ በሃያ አንድ መፈልፈል ነበረባቸው። እኔ ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ ልጁ ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገረው እውነት የሚሆን መሰለኝ።

ዓምናም እንዲሁ ነበር። ዶሮዋ የታቀፈቻቸው እንቁላሎች በሙሉ ተበላሹ፤ በዚያው ሳምንት የመጀመሪያ ልጄ ሆዴ ውስጥ ሞተ። ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ዶሮና ልጅን ምን አገናኛቸው ስል ኖሬያለሁ። ያን ረፋድ ግን ይህንኑ ለራሴ ብደጋግመው አልረዳኝም።

አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ እናት ከዓምና ወዲህ ተለውጠውብኛል። ዶሮ ማስታቀፉን ለእኔ ተዉት። እንቁላሉን ነጎድጓድ እንዳይገድለው ከሥሩ የሚደረገውን ሚስማር እንኳ ከሩቅ ቆመው "አንቺ አስቀምጪው" ይሉኛል። ጎረቤት ሁሉ ሆዴን ሲዳብስ እሳቸው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ይደብቃሉ። የጠሉኝ መስሎኝ አኩርፌያቸዋለሁ፤ ኩርፊያ ደግሞ እችልበታለሁ።

ያን ረፋድ እሳቸውም ተከትለውኝ ወጡ። ጥጉን ከበው የቆሙትን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ እንዳመጣ አዘዙኝ። ነፍስ ያለው እንቁላል ውሃ ላይ ሲለቁት ይወዛወዛል።

"አንቱ ይልቀቋቸው፣ እኔ ማጎንበስ ከበደኝ" አልኳቸው።

"እኔ አልነካም።"

"ለምን?"

"ዓምና ያስታቀፍኩት እኔ ነኝ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ከቀብር ስመለስ፣ እጄን ሳልታጠብ። እንቁላሉንም ልጅሽንም የገደለው ይሄ እጅ ነው።"

እንደምንም አጎነበስኩና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ለቀቅኳቸው። አስራ አንዱም ውሃው ላይ ዝም አሉ። ዳክዬዎቹ አንገታቸውን አስግገው ሳፋውን ያያሉ።

እርጥብ እጄን ሰድጄ እጃቸውን ከነጠላው አወጣሁና ሆዴ ላይ አደረግኩት። ሊያመልጡኝ ታገሉ፤ አልለቀቅኳቸውም።

"ፈርቻለሁ፣ እማዬ። ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።"

እንደዚያው ሆነን ቆምን። ግቢው አሁንም ጸጥ ብሏል። ከዚያ ልጁ ረገጠ፤ ልክ ከእጃቸው ሥር።

ለማንኛውም ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳቸው። እሺ አሉኝ፤ እጃቸውን ግን አላነሱም።