ምራቅ የዘነበብኝ ቀን

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም፤ አሥራ ሰባት ወይ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ለንደን። ባለፈው ቅዳሜ ሚኒያፖሊስ አጠገብ አፕል ቫሊ የሚባል ከተማ ልጄ ቤት ሄጄ፣ የልጅ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ጋራዥ ውስጥ ሙዚቃ ስትለማመድ፣ የጋለው የድምፅ ማጉያ የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ነው ነገሩ የመጣብኝ። ጮኸብህ ወይ ብላ በእንግሊዝኛዋ ብትጠይቀኝ፣ ኧረ ጨምሪበት አልኳት።

ለንደን የወሰደኝ በሾፌርነት ተቀጥሮ የሄደው አጎቴ ነበር፤ ሥራው አልቆ ሲመለስ እኔ እዚያው ቀረሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ እንግሊዝኛዬም ከሰላምታ አይዘልም፤ ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ እየመታሁ አድጌአለሁና፣ ፀጉራቸውን ራሳቸው በመቀስ የጨፈጨፉ፣ ጃኬታቸውን በመርፌ ቁልፍ የጠቃቀሙ ሦስት የሰፈር ልጆች ፓንክ የሚሉትን ጩኸታም ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ ሲያቋቁሙ እኔን ከበሮ ላይ አስቀመጡኝ። የምንለማመድበት፣ ሻጋታና እርጥብ ካፖርት የሚሸተው ምድር ቤት መኝታዬም እሱው ነበር፤ ከነሱ ብለይ ማደሪያም ሰውም አልነበረኝም።

መጀመሪያ ሰው ፊት የቀረብነው በአንድ የወጣቶች አዳራሽ ነው። ገና አንዱን ዘፈን ሳንጨርስ ታዳሚው ይተፋብን ጀመር፤ ፊቴ ላይ፣ ከበሮው ላይ፣ እንደ ካፊያ። እንዲህ ተንቄ አላውቅም። የከበሮ ዱላዬን ወርውሬ በጓሮ በር ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ እንግዲህ ዛሬ የት ላድር ነው እያልኩ ፊቴን በእጅጌዬ ስጠርግ፣ ከሦስቱ ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ልጅ ተከትላኝ መጣች። ፀጉሯ ከኔ የባሰ ርሷል።

"የሚተፉት እኮ ወደውን ነው፤ ብንሰለቻቸው ኖሮ ጥለውን ይወጡ ነበር" አለችኝ፣ በእጇም በአፏም እያስረዳች።

ይሄኔ የመንደራችን ሽማግሌዎች እንትፍ እንትፍ እያሉ ሲመርቁኝ ትዝ አለኝና፣ በኛ አገር ይሄን የሚያደርጉት ሽበት ያላቸው ናቸው፣ የናንተዎቹ ጢም እንኳ አላበቀሉም አልኳት እንደምንም። እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ እጄን ይዛ መለሰችኝና፣ እስክንጨርስ ድረስ ከበሮው ፊት ቆማ የኔንም የምራቅ ድርሻ እሷ ተቀበለችልኝ።

ባንዱ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። የተቀዳ ዘፈን የለንም፣ ግራ ጆሮዬም ከዚያ ወዲህ ደህና አይሰማም፣ የሌሎቹን የሁለቱን ልጆች ስም እንኳ ረስቼዋለሁ። ግን ሚኒያፖሊስ መጥቼ ሆስፒታል ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ስሠራ፣ የሰው አመል ግራ ሲገባኝ ከመቀየሜ በፊት ምን ማለታቸው እንደሆነ እጠይቅ ነበር፤ እሱን ከማን እንደተማርኩ አልረሳሁም። ሞሪን ትባል ነበር።