ጥርስ ላይ የማይጣበቅ

ዛሬ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ የሩዝ እንፋሎት ሲሸተኝ ከእናቴ ጋር በስደት አርችዌይ ያሳለፍኩት ልጅነቴ መጣብኝ። አባቴ አዲስ አበባ ሆኖ ቪዛ ይጠብቅ ነበር። የሆንግ ኮንጓ ጎረቤታችን ሚስስ ቻን እናቴ ስትጨነቅ አይተው ትኩስ ሩዝ አቀረቡልንና በካንቶኒዝ፣ «ሳት ሲክ ሞ ቺ ንጋ» አሉ።

«ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ትበዪዋለሽ፣ ጥርስሽ ላይም አይጣበቅም። እርግጠኛ ስንሆን እንዲህ እንላለን። አባትሽ ይመጣል።»

እናቴ ሳቀች። እኔ ግን ጥርሴ ላይ የተጣበቀውን ሩዝ ማንም ሳያይ በምላሴ አላቀቅኩ።

ቪዛው ተከለከለ፤ አባቴም ሳይመጣ እዚያው አረፈ። ለዓመታት ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር።

መንገድ ላይ ቆሜ ለእናቴ ደወልኩላት። «ሚስስ ቻን ያን ጊዜ ዋሽተውን ነው?» አልኳት።

«ምን ያድርጉ ብለሽ ነው?» አለች። «ያን ሰሞን እንቅልፍ የወሰደኝ በእሳቸው ቃል ነው።»