እስከዳርና የሚያፈሰው ጀሪካን

እስከዳር ቢሻው ወንበር ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ ስትቀመጥ ያየ ሰው በአሶሳ ከተማ እስካሁን አልተገኘም። ስትጽፍ ትቆማለች፤ ስትበላ ትዞራለች፤ ስብሰባ ላይ በር አጠገብ ያለውን ቦታ የምትመርጠው ደግሞ፣ ራሷ እንደምትለው፣ ለአየሩ ብላ ነው። የተወለደችው ባምባሲ አቅራቢያ በሚገኝ የሠፈራ መንደር ነው። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በመንግሥት መኪና ተጭነው የመጡት ወላጆቿ ከዚያ ወዲህ የትም መሄድ አይወዱም። የቀረውን መንገድ ሁሉ ለልጃቸው የተዉላት ይመስላል።

በዘጠኝ ዓመት የአማርኛ መምህርነቷ ስድስት ትምህርት ቤቶችን አዳርሳለች። ከቶንጎ በስተቀር አንዱም ጋ ሁለት ዓመት አልሞላችም፤ ቶንጎም የቆየችው የዝውውር ደብዳቤዋ መንገድ ላይ ስለጠፋ ነበር። በመጨረሻ ከዝውውር ሁሉ ረጅሙን አደረገች፤ ሥራዋን ለቅቃ የሥዕላዊ ታሪክ ጸሐፊ ሆነች።

«ይኼ ደግሞ የትኛው ወረዳ ነው?» አሉ አባቷ።

ሥራው ወረዳም አለቃም አልነበረውም። እስከዳር ታሪኩን ትጽፋለች፣ በየሣጥኑ ትከፋፍላለች፤ ኤጀታ የተባለ የባምባሲ ማስታወቂያ ሠዓሊ ይሥለዋል፤ የቀረውን የፎቶ ኮፒ ማሽንና ስቴፕለር ይጨርሱታል። ኤጀታ ዕድሜውን በሙሉ የጸጉር ቤት ሰሌዳ ሲሥል የኖረ ሰው በመሆኑ፣ በእስከዳር መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ገበሬዎች፣ ሽፍቶችና አንድ አህያ ሁሉም ገና አሁን ተስተካክለው የወጡ ይመስላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማንጎ ዛፍ ሥር ልጆች ሰብስባ ታሪክን በስድስት ሣጥን መናገር ታስተምራለች። ልጆቹ ይቀመጣሉ፤ እሷ ትዞራለች።

እንዲህ አራት ዓመት ሄደ። አራት መጻሕፍት ወጡ፤ አራቱም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ተበጫጨቁ፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ግን አልነበረም። ያለ ትምህርት ቢሮ ፈቃድ ወደ ንባብ ክፍለ ጊዜ የሚገባ መጽሐፍ የለምና። እስከዳርም ለራሷ ቃል ገባች፤ አምስተኛው ካልተፈቀደ ወደ ሰሌዳና ጠመኔ ትመለሳለች። ለዚህም ወደ ሥራ መመለሻ ማመልከቻ ጽፋ፣ ፈርማ፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠች። ቀኑን መጻፍ ብቻ ነበር የቀራት።

አምስተኛው መጽሐፍ ኩራቷ ነበር። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ልጆች እንዳይቸገሩ ብላ ቃላት ስትቀንስ፣ ስትቀንስ፣ በመጨረሻ አንድም አልቀረም።

«ታዲያ አንቺ ምኑን ጻፍሽው?» አላት ኤጀታ።

«ዝምታውን።»

«ቶሌ፣ እሺ። እኔም ዝምታሽን ጸጉር አበጥርለታለሁ።»

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ታሪክ ስለ አንዲት ልጅና ስለሚያፈስ ጀሪካኗ ነው። ልጅቷ ከቦኖ ውሃ ትቀዳለች፤ ጀሪካኑ ከሥሩ ተበስቷል፤ መንገዱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ቤት ስትደርስ ባዶ ይሆናል፤ እናቷ ትቆጣለች። እስከዳር መንገዱ እንዳይቆረጥ ብላ ስድስቱን ሣጥኖች በአንድ ረጅም ረድፍ ጎን ለጎን አሰለፈቻቸው፤ ገጹ ሲዘረጋ የአንድ ክንድ ርዝመት ነበረው። የቀሩትም ታሪኮች እንደዚሁ ነበሩ።

መጽሐፉን እንዲመዝኑ የተመደቡት የቢሮው ባለሙያ አቶ ለገሰ፣ ጡረታቸው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ሦስት እስክሪብቶ በኪሳቸው ይዘው በአንዱ ብቻ የሚጽፉ ሰው ናቸው። ሰኞ ከሰዓት ሆሞሻ ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል ውስጥ፣ ቅጻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«ልጆቹ አይተው በቅደም ተከተል ከተናገሩ እፈርማለሁ» አሉ። «ካልተናገሩ፣ መምህርት፣ ለከርሞ ነው።»

ዐርዋ የተባለች የአሥር ዓመት ልጅ ገጹን ዘርግታ ብዙ አየችው። ከዚያ ተነሥታ በድፍረት ጀመረች።

«ልጅ ቤት ነው። እናት ተቆጣ፤ ጀሪካን ባዶ ነው። ልጅ ሄደ። መንገድ ውስጥ ውሃ ከመሬት ተነሣ፣ ጠብ ጠብ ብሎ ጀሪካን ገባ። ትንሽ ገባ፣ ብዙ ገባ፣ ሞላ! ቦኖ ደረሰ። ውሃውን ለቦኖ ሰጠ። ልጅ ሳቀ።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ሁለተኛው ልጅ ተነሣ፤ ውሃው ከመሬት ተነሣ። ሦስተኛዋም እንደዚያው፤ እሷማ ቦኖው እንዳመሰገነ ጨመረችበት።

አቶ ለገሰ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለቦኖ ውሃ የምታቀርብ ልጅ» አሉ። «ሥርዓተ ትምህርቱ እዚህ ገና አልደረሰም።»

እስከዳር ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረች። በሦስተኛው ላይ እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ የታጠፈውን ማመልከቻ ሲዳስስ፣ የክፍሉ መምህርት ኢቲዳል አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ስትስቅ አየቻት።

«ምን ያስቅሻል?»

«ወላሂ፣ ልጆቼ ምንም አላጠፉም። ጠዋት ጠዋት ቁርአን ቤት ናቸው፤ እዚያ ዓይን ከቀኝ ነው የሚነሣው። ከሰዓት እኔ ጋ መጥተው የአማርኛ ፊደል ሲያዩ ከግራ ይጀምራሉ። አንቺ ፊደሉን በሙሉ አጠፋሽባቸው፤ በየት በኩል ይግቡ?» አለችና የዐርዋን ትከሻ መታ መታ አደረገች። «አንድ ቃል እንኳ ብትተዪላቸው ባወቁ ነበር።»

እስከዳር ዘጠኝ ዓመት ስታስተምር የልጆች ዓይን ከየት እንደሚነሣ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ፊደል ሁልጊዜ ከጎናቸው ስለነበረ መልሱን ሲሸፍንላት ኖሯል።

«ሪፖርቴ ሐሙስ ይገባል» አሉ አቶ ለገሰ እስክሪብቷቸውን እየከደኑ። «ረቡዕ ለሌላ ጉዳይ ወደዚህ እመለሳለሁ። አጋጣሚ ነው፤ ውለታ አይደለም።»

በዚያው ዕለት ባምባሲ ደረሰች። ኤጀታ ጉዳዩን ሲሰማ መሰላሉ ላይ እንዳለ ሳቀ።

«ቁጥር ጻፊበታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

«የፈተና ወረቀት ይመስላል።»

«ቀስት ልሥልበት?»

«የመንገድ ምልክት ይሆናል።»

«እሺ ቁጭ ብለሽ አስቢ!»

አልተቀመጠችም። ሱቁን ስትዞር ስትዞር፣ ከኤጀታ ብሩሽ የሚንጠባጠበው ቀለም ጫማዋ ላይ ሲያርፍ ቆመች። ወደ ላይ አየች፤ ወደ ታች አየች። ከቀኝ የሚያነብም ከግራ የሚያነብም፣ ሁለቱም ከላይ ይጀምራሉ። ውሃም ቢሆን የሚወርደው ወደ ታች ነው።

ማክሰኞን ሙሉ በመቀስና በሙጫ ዋሉ። ለሙከራ ያባዙት ሠላሳ ቅጂ ተቆራረጠ፤ ሣጥኖቹ አንዱ ካንዱ ሥር ተለጠፉ፤ መጽሐፉ እንደ ፎጣ ተንጠልጥሎ የሚነበብ ሆነ። ኤጀታ እግረ መንገዱን የእናትየዋን ጸጉር እንደገና ሠራ፤ ቁጣዋ አላማረውም ነበር።

ረቡዕ ዐርዋ ወረቀቱን መስኮት ላይ አንጠልጥላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ልጅቷ ቀዳች፤ ጀሪካኑ አፈሰሰ፤ እናት ተቆጣች። የተጠየቁት ሁሉ ያንኑ አሉ። አቶ ለገሰ ከሦስቱ እስክሪብቶዎች ያንኑ አንዱን መርጠው ፈረሙ፤ ማኅተሙ አሶሳ እንደሚመታ ተናገሩ፤ ሳይሰናበቱም ወጡ፤ እሳቸው ሲደሰቱ እንዲህ ናቸው ይባላል።

እስከዳር መስኮቱ ጋ ሄዳ ወረቀቱን ስታወርድ ዐርዋ አጠገቧ ቆማ ነበር።

«ቲቸር፣ የበፊቱ ይሻላል።»

«ለምን? አሁን እኮ በትክክል አነበብሽው።»

«ይሄ እኛ ቤት ሁልቀን አለ» አለች ዐርዋ። «በዚያኛው ግን መንገድ ውሃ ይሰጣል።»

የመልስ ሚኒባሱ ግማሽ ባዶ ነበር። ደስ ሊላት የሚገባት ሴት ግን ከኋላ ወንበር ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ በር ቦታ ስትቀይር ቆየች። አንድ ጉብታ ላይ ማመልከቻውን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ገለበጠችው፤ ባዶው ጀርባ ላይ ከላይ ወደ ታች ስድስት ሣጥን አሰመረች። መኪናው እያንገጫገጫት የታችኛውን ሣጥን ብቻ ሠራች፤ አቧራማ መንገድና አንዲት ጠብታ። ከዚያ ቀጥሎ የሚነበበው ሣጥን ከላዩ ያለው እንዲሆን፣ ታሪኩም እንደ ዐርዋው ወደ ላይ እንዲሄድ አስባ ኤጀታ ጋ ደወለች።

«ወደ ላይ የምትሄድ ውሃ መሣል ትችላለህ?»

«ተፈረመልሽ ወይስ አልተፈረመልሽም?»

«ተፈርሟል። የጠየቅኩህን መልስልኝ።»

«እህቴ፣» አላት የሚኒባሱ ረዳት፣ ጎንበስ ብላ መቆሟን አይቶ፣ «ተቀመጪ እንጂ፤ መንገዱ ገና ነው።»