የተበሳው ትራንስክሪፕት

እሰይ! ተያዘ! ከመቶ አንድ ክሬዲት ዘጠና ስምንቱ ተያዘ! ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ዛሬ ረፋድ ላይ ወጣ። የማን እንደሆነ ሳልናገር መጮኼ ነው እንጂ፣ የምሥራቹ የእትዬ ፋይል ነው።

እትዬ ፋይል ያሏት የፍርድ ቤቱ ባልደረቦቿ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጣለች። ፖስታ ሲመጣላት ጫፉን ትቆርጣለች፤ ወረቀቱን በመብሻ ሁለት ቦታ ትበሳለች፤ «ገቢ» የሚለውን ማኅተም ታሳርፋለች፤ ቀንና ቁጥር ትጽፋለች። ጉዳዩን የምታነበው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድማ ካነበበች ልቧ ከባለጉዳዩ ጋር እየሄደ ሥራው ይቆማል፤ ይህን ገና በመጀመሪያው ዓመቷ ተምራዋለች።

ከሥራ ስትወጣ ደግሞ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ማታ ማታ ሕግ ትማር ነበር። ለሙከራ ብላ በአንድ ኮርስ፣ በውርስ ሕግ ጀመረች። ዓመት አርፋ ተመለሰችና ከዚያ ወዲያ አልቆመችም። የሚያስጠናት ባሏ ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ኩላሊቱ ታሞ ቤት ከዋለ ወዲህ ደብተሯን ከእጁ አያወጣም።

«ዳኛዬ፣ ውል በምን በምን ይፈርሳል?»

«አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ሾርባህን ጠጣ።»

«ይሄ መልስ አይደለም። ዜሮ! ቀጥሎ።»

አንድ ሴሚስተር ሲቀራት ኮሌጁ የማታውን የሕግ ትምህርት ዘጋው። ተማሪው ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተነ። ከከተማው ማዶ ያለ ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት በዝውውር እቀበላለሁ አለ፤ ግን ሁለት ነገር አጥብቆ ነገራቸው። ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ ኮርስ አይያዝም፣ እንደተማሩት አይቆጠርም። ትራንስክሪፕቱ ደግሞ ሬጅስትራሩ በክዳኑ ላይ ፈርሞበት፣ እንደታሸገ መቅረብ አለበት።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራትና ዓመት ማለት ለባሏ ሩቅ እንደሆነ ነገራት። እሷ ደብቃ ስትገባ እሱ ከፊቷ ላይ አነበበው።

«ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ» አላት። «አንድ ሴሚስተር እችላለሁ። ጋውን ለብሰሽ ሳላይ የትም አልሄድም።»

የኮሌጁ ሬጅስትራር ደግ ሽማግሌ ናቸው። እንዳትንገላታ ብለው ፖስታውን አሽገው፣ ፈርመው፣ በመልእክተኛ ወደ መሥሪያ ቤቷ ላኩላት። መልእክተኛው ሲደርስ እሷ ባሏን ለኩላሊት እጥበት ወስዳ ነበር፤ ከዕለቱ ፖስታዎች ጋር ቀላቅሎት ሄደ። በማግስቱ እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይኗን እያሸች ገባችና ክምሩን ጀመረችው። ቆረጠች። በሳች። «ገቢ» አለች። ቁጥር ሰጠች። «ጉዳዩ» የሚለው ቦታ ላይ ልትጽፍ ስታነብ የገዛ ስሟን አገኘችው። አንዱ ቀዳዳ የውል ሕጓን «ኤ» ግማሹን ወስዶታል።

ይዛው ሮጠች። የአዲሱ ትምህርት ቤት የቅበላ ሠራተኛ ገና ወጣት ናት፤ ፖስታውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«እትዬ፣ ተከፍቷል እኮ።»

«እኔ ነኝ የከፈትኩት፣ የኔ እናት። ባለቤቱ እኔው ነኝ።»

«እሱ እኮ ነው ችግሩ።» ወረቀቱን አወጣችና ደነገጠች። «ይሄ ምንድነው? በስተውታል?»

«በስቼዋለሁ።»

«ለምን?»

እትዬ ፋይል ሁለቱን ቀዳዳዎች በጣቷ ዳሰሰች። ለምን እንደምትበሳ እስከዛሬ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው ሬጅስትራር ሲሰሙ «ምነው ልጄ፣ ምነው እጅሽን በቆረጠው!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። አዲስ ለማውጣት ቢሞክሩ ፋይሉ ወደ ሌላ ሕንጻ ተጭኖ ሄዷል፤ የሚፈርመው ዲን ለቋል፤ ተተኪው አልተሾመም። ሁለተኛው ፖስታ ተሟልቶ ሲወጣ ምዝገባው ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

ከባሏ መደበቅ አላወቀችበትም፤ ሁሉንም ነገረችው። ሳል እስኪያፍነው ሳቀ።

«ራስሽን በሳሻ! ቁጥርሽ ስንት ሆነ?»

«አትቀልድ።»

«እሺ፣ የሚቀጥለው ምዝገባ መቼ ነው?»

«ከአምስት ወር በኋላ።»

ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። ሦስተኛው ላይ ቆመና እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሰው። እሷም ያየች ላለመምሰል መጋረጃውን አስተካከለች።

ሂሳብ ያውቅ ነበር። በሦስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እሷ ካልሲውን እያለበሰችው አረፈ። አንዱ እግሩ ባዶውን ነበር።

ከዚያ የወራሽነት ማመልከቻዋ መጣ፤ ሌላ መዝገብ ቤት የለምና ወደ ራሷ ጠረጴዛ። ጎን ለጎን የምትቀመጠው ባልደረባዋ እጇን ዘረጋች።

«እኔ ልክፈተው፣ እትዬ።»

«ተዪው፣ የኔ ሥራ ነው።»

ከመብሳቷ በፊት አነበበችው። ከዚያ ከመጀመሪያው ዓመቷ ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። «ሟች» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ስሙን ስታይ ባለጉዳዮቹ ተሰልፈው ቆመው ነበር፤ ማንም አልቸኮለባትም። ከዚያ በሳችና ቁጥር ሰጠች።

አዲሱን ፖስታ ግን በእጇ አልነካም ብላ ማለች። ምዝገባው ሲደርስ ሬጅስትራሩ ራሳቸው ተሸክመው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ ለቅበላ ሠራተኛዋ እጅ በእጅ አስረከቡላት። ዛሬ ረፋድ ላይ ልጅቷ ደወለችና «ይምጡ» አለቻት።

«ዘጠና ስምንቱ ተይዟል፣ እትዬ። እንኳን ደስ አለዎት! አንድ ኮርስ ብቻ ጊዜው አልፎበታል፤ ያንን ይደግሙታል።»

«የቱ ነው?»

«የውርስ ሕግ።» ልጅቷ እትዬ ፋይል የለበሰችውን ጥቁር አይታ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ… ባለፈው ሴሚስተር ቢሆን እሱም ይያዝ ነበር።»

እትዬ ፋይል ደብዳቤውን አራት ጊዜ አጣጠፈችው። «ይሁን፣ የኔ ልጅ። ያን ጊዜ ስማረው የሰው ጉዳይ ነበር።»

አውቶቡስ ተሳፈረች። ከደስታዋ ብዛት ሳታውቀው ፈገግ ትላለች፤ ምን ብላ እንደምትጀምርለት፣ እሱስ ምን ብሎ እንደሚያላግጥባት በልቧ ታሰላለች። ወረደች፣ መንገዱን ተሻገረች፣ ቦርሳዋን ለፍተሻ ከፈተች። የሆስፒታሉ በር ላይ መሆኗን ያወቀችው ያኔ ነው። የእጥበት ቀን ነበር።

ዘበኛው ያውቃታል። ባሏ ማረፉንም ያውቃል። ፍተሻውን ተወ።

«እትዬ፣ ዛሬ ማንን ሊጠይቁ መጡ?»

ወደ ደረጃው ቀና ብላ አየች። ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ሦስተኛው በር። መመለስ አቃታት፤ መግባትም አቃታት። ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችለት።

«ተያዘልኝ» አለችው፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠለጠለ። «ዘጠና ስምንት ክሬዲት።»

ዘበኛው ክሬዲት ምን እንደሆነ አያውቅም። ኮፍያውን አወለቀ፣ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ከማኅተሙ እስከ ፊርማው በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበላት፤ ሲጨርስም «እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ» አላት። ከዚያ የራሱን ወንበር አምጥቶ ጥላው ሥር አስቀመጣት።

በሉ እንግዲህ፣ እኔ ልሂድ! ሽማግሌው ሬጅስትራር እስካሁን አልሰሙም፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልንገራቸው።