አሥራ ሁለተኛው ወንበር

ዝርዝሩ የተለጠፈው በሆሣዕና ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። በካቶሊክ ቁምስናችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከኳየር ልምምድ ሰዓትና ከጠፋ ቁልፍ ማስታወቂያ መካከል፣ «በጸሎተ ሐሙስ እግራቸው የሚታጠብ ምእመናን» ይላል። ከሥሩ አሥራ ሁለት ስም አለ። አሥራ ሁለተኛው የኔ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው እንዳይታዘበኝ ዞር አልኩና፣ ግቢው ጭር ሲል ተመልሼ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት።

ጌታ ለሐዋርያቱ እንዳደረገው፣ በዚያ ቀን በኛ ዘንድ ካህኑ ጎንበስ ብሎ የአሥራ ሁለት ሰው እግር ያጥባል። ድሮ ወንዶች ብቻ ነበሩ የሚቀመጡት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለሴቶችም ተፈቅዷል፤ ቢሆንም በአሰላ አዲስ ነገር ቶሎ አይለመድምና በየዓመቱ የምናያቸው እነዚያኑ ሽማግሌዎች ነበር። እኔም በየዓመቱ ከሦስተኛው አግዳሚ ላይ ሆኜ አያለሁ፣ በየዓመቱም እቀናለሁ።

ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት መልስ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሲስተር ልሆን ገዳም ገብቼ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ። አንድ ጠዋት አለቃችን ጠሩኝና «ልጄ፣ ጥሪሽ ይህ አይመስለኝም» አሉኝ። ምክንያቱን ዘርዝረው አልነገሩኝም፤ እኔ ግን አላጣሁትም። ዝም በሉ በሚባልበት ሰዓት ዝም ማለት አልችልም። በጸሎት ጊዜ ቁጭ ብድግ እላለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ድስት የማጠብ ተራ የማን ነው በሚል ከአንዷ እኅት ጋር ተጣልቼ ሳህን ሰብሬያለሁ። ሻንጣዬን ይዤ አሰላ መናኸሪያ ስወርድ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ለዕረፍት መጣሽ?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ዕረፍት ላይ ነኝ።

አሁን የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፤ ባለጉዳዮች ከስሜ ይልቅ በቁጣዬ ያውቁኛል። እሁድ እሁድ ስብከት ላይ «እግዚአብሔር ገና በእናትሽ ማሕፀን ሳለሽ መርጦሻል» ሲባል እሰማለሁ። ሌላው ሰው አሜን ብሎ ወደ ምሳው ይሄዳል። እኔን ግን እስከ ሰኞ ሲበላኝ ይቆያል። መርጦኝ ከሆነ ለምን ከበር መለሰኝ? ካልመረጠኝስ ለምን ነገሩ አይተወኝም? ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። በእምነት የጸናች ሴት ናት ነው የሚሉኝ፤ የሚያዩት ቅዳሴ አለመቅረቴን ብቻ ነው።

እንግዲህ ያን ሳምንት በምን ሁኔታ እንደሰነበትኩ መገመት ነው። ልቤ ስፍራ አጣ። ጥፍሬን ሰኞ ቆረጥኩ፣ ረቡዕ ደግሞ ምንም ሳያድግ ደገምኩት። የአሰላ ብርድ የሰነጣጠቀውን ተረከዜን በድንጋይ ፈተግኩ፣ ቫዝሊን ቀባሁ፣ አዲስ ጫማ ገዛሁ። ተረከዜን ሳየው አዘንኩለት፤ እግዚአብሔር የመረጠው እግር ይህ ነው እንዴ አልኩ። ግን ደስታዬን ልደብቅ አልቻልኩም፣ እየፈተግኩ እዘምር ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። የበልግ ዝናብ በኛ አገር ሲጀምር ቀልድ አያውቅም። ከባጃጅ ወርጄ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ስራመድ አንድ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። በአዲሱ ጫማ ውስጥ ጭቃው ጧ ጧ ይላል። ከፊት አሥራ ሁለት ወንበር ተደርድሯል፤ ተቀመጥን፣ ወንጌል ተነበበ፣ ስብከት ተጀመረ። ስለ ትሕትና ነበር። አንድም ቃል አልሰማሁም፤ ካህን ፊት ይህን እግር እንዴት አድርጌ እዘረጋለሁ እያልኩ ነበር። በመጨረሻ አላስችል ሲለኝ በጎን በር ወጥቼ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። እግር ለመታጠብ ስል እግሬን ልታጠብ ወጣሁ ማለት ነው።

ስመለስ ስብከቱ አልቆ ውኃው ቀርቧል። በወንበሬ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

አውቃቸዋለሁ። ባለቤታቸው የቁምስናችን ሰው ነበሩ፤ ባለፈው ክረምት አረፉ። እሳቸው ግን ኦርቶዶክስ ናቸው፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው አርሲ የሰፈሩ። ከቀብሩ ወዲህ አንዳንድ እሁድ ብቅ እያሉ መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ በሩ ሥር ይቀመጡ ነበር። ማንንም አያናግሩም፤ እኛም አናናግራቸውም። አሁን ሁለቱንም ጫማቸውን አውልቀው፣ ካልሲያቸውን ጫማው ውስጥ ጠቅልለው፣ ሱሪያቸውን እስከ ባታቸው ሰብስበው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እሳቸው ባደጉበት ቤተ ክርስቲያን በዚያ ቀን የመጣው ወንድ ሁሉ ነው በካህኑ እጅ የሚታጠበው። ዝርዝር የሚባል ነገር የለም። ውኃና ፎጣ፣ ከዚያም ባዶ ወንበር ያየ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ኖሯል? ይህን ሁሉ ግን አሁን ነው የምለው። ያን ጊዜ ዓይኔ ያየው የተወሰደብኝን ወንበር ብቻ ነው። ደሜ ፈላ።

ጎንበስ ብዬ «አባባ፣ ይሄ የኔ ቦታ ነው» አልኳቸው።

«እ?»

«የኔ ነው። ዝርዝር አለ። ስምዎ የለበትም።»

በሹክሹክታ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። የኔ ሹክሹክታ ግን የመዝገብ ቤት ሹክሹክታ ነው፤ ሦስት አግዳሚ ሰማው። ሽማግሌው ውኃውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ውይ፣ ይቅርታ ልጄ፣ አላወቅኩም» ብለው ተነሡ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ባዶ እግራቸውን፣ በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ከመሠዊያው ሥር እስከ በሩ ድረስ ያን ሁሉ ሄዱ። አንድ ሰው «አባባ ይቀመጡ» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እኔም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና ቁጭ አልኩ። ወንበሩ የሳቸውን ሙቀት ገና አልለቀቀም።

ካህኑ ካባቸውን ለማውለቅ ዞረው ስለነበር ምንም አላዩም። አሥራ አንዱን አጥበው መጨረሻ እኔ ዘንድ መጡ። አጠቡኝ፣ በፎጣ አደረቁኝ፣ እግሬን ሳሙ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ውኃው ለብ ያለ ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ካህኑ ቢሮ ሄድኩ። ወጣት ናቸው፤ በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፣ እሱም አንዳንዴ ያናድደኛል።

«አባ፣ ስሜን ዝርዝሩ ውስጥ ለምን አስገቡት?»

«ለምን ጠየቅሽ?»

«ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ለመዋሸት ቢያስቡም ፊታቸው አላገዛቸውም። አሥራ ሁለተኛው መጀመሪያ ሌላ ሰው ነበር፤ ለቅሶ ገጥሞት ሮቤ ሄደ። «በዚያ ላይ ሰዉ አፍራለሁ እያለ ይሸሸኛል፤ በየዓመቱ ለምኜ ነው የምሞላው። አንቺ እምቢ አትይም ብዬ ጻፍኩሽ» አሉኝ።

«ሰው ጠፍቶ ነዋ!»

«ሰው ጠፍቶ ነው» አሉ። ከዚያ ሳቅ አሉና «ታዲያ እግዚአብሔር ሰው ሲጠፋበት የሚጠራው ሰው መሆን ያንሳል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ያንሳል፣ አባ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። እኔ የፈለግኩት ሰው ሞልቶ ተርፎም እኔን እንዲጠራኝ ነበር።

ከዚያ የሽማግሌውን ነገር ነገርኳቸው። ሳቃቸው ጠፋ። «አሥራ ሦስተኛ ወንበር ማምጣት ምን ያቅተን ነበር?» አሉ። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ለኔ አልታየኝም ነበር። «እርስዎ ሄደው ቢያናግሯቸው አይሻልም?» አልኩ። «እኔ አላስነሣኋቸውም» አሉ።

የፋሲካ ዕለት ቅዳሴውን ሙሉ አንገቴን ወደ ኋላ እያዞርኩ ጨረስኩት። በሩ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ የሉም። በሚቀጥለው እሁድም የሉም። እኔም ዛሬ ዘነበ፣ ዛሬ ደከመኝ እያልኩ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ። በዚህ መሐል ሥራዬ ተበላሸ። የአንዱን ፋይል በሌላው ቦታ መልሼ ባለጉዳይ ሁለት ቀን ሙሉ አመላለስኩ፤ ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ የጮህኩትም እኔ ነኝ። ማታ ስጸልይ የምለው ይጠፋኛል። መርጦኛል ብዬ እንዳላምን ሰው ጠፍቶ ነው። አልመረጠኝም ብዬ እንዳልተወው፣ አንድ ሰው በኔ ምክንያት ባዶ እግሩን ወጥቶ ሄዷል። መሐል ቤት ቀረሁ።

በአራተኛው ቅዳሜ ጋሪ ተሳፍሬ ወደ ከተማው ዳር ወጣሁ። ቤታቸውን ሳፈላልግ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤት አየችኝ። «ሚስታቸው የሞቱባቸው አባባ? ኮቱ፣ ነይ፣ ላሳይሽ» አለችና እጇን በሻሿ እያደረቀች እስከ አጥራቸው ወሰደችኝ። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ጆንያ አንጥፈው፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ከገብስ ዘር ጠጠር ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«አሃ፣ ባለወንበሯ!»

የምገባበት ጠፋኝ። «ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ለምኑ? ወንበሩ ያንቺ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ታዲያስ?»

እሳቸው ራሳቸው ቀጠሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ መጥተህ አጠገቤ ተቀመጥ ትለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት እምቢ አልኳት። ያን ቀን ውኃውን ሳይ፣ በቃ ዛሬ ልግባላት አልኩ። ከኋላ ተነሥቼ ፊት ድረስ ሄድኩ፤ ማንም አልከለከለኝም።»

«ከዚያስ የት ሄዱ?»

«ወደኛው ቤተ ክርስቲያን ነዋ። እዚያ ዝርዝር የለም።» አንዲት ጠጠር ወረወሩ። «ስደርስ አልቋል። ውኃውን ሲደፉት ደረስኩ።»

አላለቀስኩም፤ እኔ ሳዝን የሚመጣብኝ ቁጣ ነው፣ ያም ቁጣ በራሴ ላይ ነበር። ብድግ አልኩና «ውኃ የት አለ? አሁን ልጠብዎት» አልኩ።

«ተይ እንጂ! ቄስ ሆንሽ እንዴ? ሐሙስም አልፏል።» ጆንያው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። «መሥራት ከፈለግሽ ጠጠሩን ልቀሚልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።»

ተቀምጬ መልቀም ጀመርኩ። የጭላሎ ተራራ ደመና ለብሷል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው። እኔ ስቸኩል ገብሱንም ከጠጠሩ ጋር እጥላለሁ፤ እሳቸው እየመለሱ ያነሡታል።

«እኔ የምለው፣ አንቺን መርጠው አጠቡሽ አይደል?» አሉኝ።

«መርጠው አይደለም አባባ። ሰው ጠፍቶ ነው።»

«ቢሆንም ታጥበሻል። እንዴት ነው፣ ደስ ይላል?»

ደስ ይላል ማለት እችል ነበር። የሚጠይቁኝ የምራቸውን ነበርና አላስቻለኝም።

«አላውቅም» አልኩ። «ሲያጥቡኝ እኔ የማየው እርስዎ የወጡበትን በር ነበር።»

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን በደንብ አዩት፤ ከዚያ እንደ መሳቅ አሉ።

«እንግዲያው ሁለታችንም አልታጠብንማ» አሉ። «ለከርሞ ለካህኑ ንገሪልኝ፣ ወንበሩን አሥራ አራት ያድርጉት።»